የሹፌሮች ጋን

እናቴ ሰው ትገድላለች ብዬ ያመንኩበት አንድ በጋ ነበር።

የተወለድኩት ከላሊበላ በላይ፣ መኪኖች ቁልቁለቱን ከመጀመራቸው በፊት በሚቆሙበት ሰፈር ነው። አፋፍ ይባላል። አሁን አስፋልት አለው። ያኔ የበጋ መንገድ ነበር። ክረምቱን ተዘግቶ ይከርምና መስቀል አልፎ ጭቃው ሲጠነክር፣ እህልና ሸቀጥ የጫኑ መኪኖች ከኮን ከተማ በኩል ብቅ ብቅ ይላሉ። ጠጅ ቤት ሁለት ነበር። አንዱ የእናቴ የባንችይርጋ፣ ሌላው ከመንገዱ ማዶ ያለው የአልጣሽ ነው። ከሁለቱ ቤቶች ጥቂት አለፍ ሲሉ መንገዱ በድንገት ይታጠፍና ቁልቁል ይወርዳል። ያንን መታጠፊያ ሰዉ ጉሮሮ ይለዋል።

ሹፌሮቹ ልማድ ነበራቸው። አፋፍ ሲደርሱ ሞተር ያጠፋሉ። ረዳቱ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል። ሹፌሩ ጠጅ ቤት ገብቶ አንድ ሁለት ብርሌ ይጠጣል። ያንን ጠጅ መውረጃ ይሉታል። የመጨረሻዋን ጉንጭ አይውጧትም፤ በአፋቸው ይዘው ወጥተው የፊት ጎማው ላይ ይተፏታል። ጉሮሮ ባለቤት አለው፣ ድርሻውን ካልሰጡት ይቆጣል ይባል ነበር። መውረጃ ሳይጠጣ የሚወርድ ሹፌር እንደ ፈሪ ይታያል። ሌሎቹ ይስቁበታል።

አባቴ ቢተው የሞተው ጉሮሮ ላይ ነው። የጭነት መኪና ረዳት ነበር። መኪናው ሲገለበጥ ሹፌሩ ሰውአገኝ ከጋቢናው ዘሎ ተረፈ። አባቴ ከላይ፣ ከጆንያዎቹ ጋር ነበር። እኔ ገና በእናቴ ጀርባ ነበርኩ። ነፍስ ሳውቅ ስጠይቅ "ጉሮሮ ወሰደው" አሉኝ። የተነገረኝን አመንኩ። ጉሮሮን አፉን ከፍቶ የተኛ አውሬ አድርጌ ነበር የማስበው። ወደዚያ ስመለከት ጥርሱን እፈልግ ነበር።

ሰውአገኝ ሥራውን አልተወም። ባለመኪናው ሌላ መኪና ሰጠው። በየሳምንቱ ይመጣል፣ በራችን ላይ ያቆማል፣ ገብቶ ይጠጣል። እናቴ አትከለክለውም። እንዲያውም ከማንም በፊት የምትቀዳው ለእሱ ነው።

ይህ ነገር አልገባኝም ነበር። እኔ ነገር ሳይገባኝ ዝም ብዬ የማይ ልጅ ነበርኩ። አሁንም እንዲሁ ነኝ።

*

ያን በጋ እናቴ ሁለተኛ ጋን አመጣች።

የድሮው ጋን ምሰሶው ሥር ነበር። ከእሱ የሚጠጡት የአገሩ ገበሬዎች፣ ነጋዴዎች፣ ለቅሶ ደርሰው የሚመለሱ ሽማግሌዎች ናቸው። አዲሱን ጓዳ አስገባችው። አፉን በነጭ ጨርቅ አሰረችው፣ ከፊቱ መጋረጃ ጋረደች። ከእሱ የሚቀዳው ለሹፌር ብቻ ነው።

ሹፌሮቹ ወደዱት። ከሌላው ሰው ተለይተው መከበራቸው ደስ አላቸው።

"እትዬ ባንቺ፣ ከዚያኛው! ከሹፌሮች ጋን!" ይላል ሰውአገኝ ገና ከበሩ።

"እኛስ ሰው አይደለንም?" ይላል አንድ ገበሬ ከጥጉ።

"አንተ የምትነዳው በሬ ነው። በሬ መንገዱን ራሱ ያውቃል፤ አንተ ብትሰክርም ቤትህ ያደርስሃል።"

ቤቱ ይስቃል። ገለቴ የሚባል ወፍራም ሹፌር ነበር። ሁለት ብርሌ ሲጠጣ ማልቀስ ይጀምራል። የሚያለቅሰው ለእናቱ ነው። እናቱ በሕይወት አሉ፣ ግን ያለቅሳል። "ይሄ ጠጅ ሆድ ያስብሳል፣ እኔ አይደለሁም" ይላል እንባውን በእጁ ጀርባ እየጠረገ።

እናቴ አትስቅም። ትቀዳለች፣ ታያቸዋለች። እየጠጡ ሳለ የጉሮሯቸውን መውረድና መውጣት ትመለከታለች። እኔ ደግሞ እሷን እመለከታለሁ።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ነቃሁ። መደቡ ላይ አልነበረችም። የጓዳው በር ተዘግቷል። በሩ ከሸንበቆ የተሠራ ስለነበር በቀዳዳው አየሁ። ጋኑ ላይ ጎንበስ ብላ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ታማስላለች። ከዚያ ከምድጃው ላይ ጥቁር ነገር የፈላበትን ድስት አንስታ ትንሽ ጨመረች። ቀመሰች። ፊቷን አጨፈገገች። ደግማ ጨመረች። ከዚያ ከማገሩ ላይ የተሰቀለች ትንሽ ቅል አወረደች። ከቅሏ በብርሌ ትንሽ ቀዳች፣ ብርሌውን አዟዟረችው፣ መልሳ ወደ ቅሏ ገለበጠችው። ሌላ ብርሌ አነሳች፣ እንዲሁ አደረገች። ብርሌዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ።

ቀዳዳው ላይ ዓይኔን ሳታየው አልቀረችም። በሩን ከፍታ ጆሮዬን ያዘችኝ።

"ምን አየህ?"

"ምንም።"

"ስማኝ። ከዚህ ጋን ጠብታ እንዳትቀምስ። ያየኸውንም እንዳታወራ። ለማንም። ካወራህ ሰው ይሞታል።"

ያለችው እውነት ነበር። ይህን የተረዳሁት ግን ዘግይቼ ነው። ያኔ የገባኝ ሌላ ነው። የማይቀመስ ጋን፣ የሚፈላ ጥቁር ነገር፣ ብርሌ የሚለቀለቅበት ነገር፣ ለሹፌር ብቻ የሚሰጥ። በአገራችን መድኃኒት የሚያጠጡ ሰዎች ታሪክ ሲወራ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሌላ ምን ላስብ?

ከዚያ በኋላ ሰውአገኝ በመጣ ቁጥር ፊቱን እመረምር ነበር። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል? እጁ ይንቀጠቀጣል? የሳለ እንደሆነ ሌሊቱን አስባለሁ። ደግሞ እወደው ነበር፤ ችግሩ ይህ ነው። ጋቢናው ውስጥ አውጥቶ መሪውን ያስይዘኛል፣ ጥሩምባውን ያስነፋኛል። "የቢተው ልጅ! አንተም ሹፌር ትሆናለህ!" ይለኛል። የአባቴን ስም ሲጠራ ድምፁ ይለወጥ ነበር። ልጅ ሆኜ እንኳ ይሰማኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ሊጠጣ ሲል በአጠገቡ ስሮጥ ክርኑን መታሁት፣ ጠጁ ፈሰሰ። ሆን ብዬ ነው። ሰውአገኝ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። እኔን አየችኝና ሌላ ብርሌ ቀዳችለት።

*

የእናቴ የንስሐ አባት አባ ተክለ ሚካኤል ከአሸተን ማርያም ይወርዱ ነበር። አንድ ቀን መደቡ ላይ የተኛሁ መስሏቸው ከእናቴ ጋር ተነጋገሩ።

"ልጄ፣ ያንን ሰው ይቅር በዪው" አሏት።

"አልቻልኩም አባቴ።"

"ከቤትሽ ይገባል፣ ይወጣል። ካላዘንሽለት ለምን ታጠጪዋለሽ?"

እንጨት ጨመረች። ምድጃው ሲንጣጣ ሰማሁ።

"እሱን ለኔ ይተዉልኝ" አለች።

እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ ነከስኩት። አሁን ምንም ጥርጥር አልቀረኝም።

በዚያው ሰሞን እናቴ መንገዱ ሳይከፈት ታደርግ እንደነበረው፣ ቤቱን ለጎረቤት ትታ እንደገና በእግሯ መሄድ ጀመረች። ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ እግሯ በአቧራ ነጥቶ ትመለሳለች። የት እንደነበረች አትናገርም። አልጣሽ መንገዱን ተሻግራ ትመጣና ቆሎ ታስይዘኛለች።

"እናትህ የት ሄደች?"

"አላውቅም።"

"ጠንቋይ ቤት ነው የምትሄደው አይደል?"

"አላውቅም።"

"አፍህ እንደ እናትህ ነው፤ አይከፈትም" ትልና ቆሎውን መልሳ ትወስደዋለች። አልጣሽ ክፉ ሴት አልነበረችም። ሹፌሮቹ ሁሉ ወደኛ ቤት ስለዞሩ የእሷ ጠጅ ይኮመጥጥ ነበር።

እናቴ የሄደችው ወደ ከተማ ነው። ለመንገዱ ኃላፊ ነን ወደሚሉ ሰዎች። አፋፍ ላይ ሹፌር እንዳይጠጣ ከልክሉ፣ አንድ ሰው አቁሙ ስትል ነበር የምትመላለሰው። ይህን የነገረችኝ ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው። እነሱ ግን እንዲህ ብለው መለሱላት፦ "አንቺ ራስሽ ጠጅ ሻጭ አይደለሽም? መጀመሪያ የራስሽን ቤት ዝጊ።" ብዘጋ አልጣሽ ቤት ይጠጣሉ አለቻቸው። ሳቁባት። ለበዓል ሰሞን እናስብበታለን አሏት።

ሁለተኛውን ጋን የገዛችው፣ መንገዱ ሳይከፈት መጀመሪያ ሄዳ ከሳቁባት በኋላ ነው።

*

ገና ሲቃረብ አፋፍ በሰው ይሞላል። ወደ ላሊበላ የሚወርደው ምዕመን አብዛኛው በእግሩ ነው፤ ገንዘብ ያለው ወይም እግሩ የደከመ ጭነት መኪና ላይ፣ ከእህሉ ጆንያ በላይ ይቀመጣል። ሁሉም ነጭ ለብሷል። ከሩቅ ሲመጣ መኪናው በረዶ የጫነ ይመስላል።

ያን ዓመት አንድ የትራፊክ ፖሊስ ከወልድያ ተላከ። ምስጋኑ ይባላል። ቀጭን ነው፤ ነጭ ኮፍያና ፊሽካ አለው። እሱንም ጠረጠርኩት። ቁርሱን ከሹፌሮች ጋር ሲበላ አየሁት። በአልጣሽ ቤት ጓሮ ቆሞ ከእሷ ጋር ሲንሾካሾክ አየሁት።

በማግስቱ የሰውአገኝ መኪና እስከ አፉ ምዕመን ጭኖ ቆመ። ረዳቱ ድንጋይ አስገባ። ሰዎቹ አልወረዱም፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሰውአገኝና ገለቴ ገቡ። እናቴ ከሹፌሮች ጋን ቀዳችላቸው። ሰውአገኝ ብርሌውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ አልጣሽ ከፖሊሱ ጋር ገባች።

"ይኸውልዎ ጌታዬ። ይቺ ሴት ሹፌሮቹን መድኃኒት ታጠጣለች።"

"ማን፣ እኔ?" አለች እናቴ።

"አዎ አንቺ! ለባላገሩ ከዚህ፣ ለሹፌር ከዚያ። ጠጅ ጠጅ ነው፤ አንድ ቤት ሁለት ጋን ምን ያደርጋል? ባሏን የገለበጠባት ይሄ ነው፣ የተቀመጠው። በቀሏን እየተወጣች ነው።"

ሰውአገኝ ብርሌውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ገለቴ የጠጣውን ያሰበ ይመስላል፤ ሆዱን ያዘ።

"ጋኑን አውጡት" አለ ምስጋኑ።

ሁለት ሰዎች ተሸክመው ደጅ አወጡት። መኪናው ላይ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ። ከመንገዱም ሰው ተሰበሰበ።

"ባንችይርጋ፣ ምንድን ነው?" አለ ሰውአገኝ። "ተናገሪ እንጂ።"

አልተናገረችም። አንድ ቃል ብትናገር ነፃ ትወጣ ነበር። ያቺን አንድ ቃል ብትናገር ግን ጋኑ ሥራውን ያቆማል። ዛሬ እንዲህ ይታየኛል። ያኔ ዝምታዋን እንደ ጥፋት ነው ያየሁት፤ ሰዉም እንዲሁ።

"ልጁን ጠይቁት" አለች አልጣሽ። "ዓይኑ የማያየው የለም።"

ፖሊሱ ፊቴ ተቀመጠ። ፊሽካው ደረቱ ላይ ይወዛወዛል።

"የኔ ልጅ፣ እናትህ እዚህ ውስጥ ምን ትጨምራለች?"

"አላየሁም።"

"ፊቱን እዩት!" አለች አልጣሽ።

ፖሊሱ ተነሳ። "እንግዲያው አንቺው ጠጪው።"

እናቴ ትልቁን ዋንጫ አንስታ ከጋኑ ሞላች። ወደ አፏ ስታስጠጋው ጮህኩ።

"እማ፣ አትጠጪ!"

ከዚያ በኋላ ሌላ ምስክር የፈለገ የለም። መኪናው ላይ አንዲት ሴት አማተበች። እናቴ ዋንጫውን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። በጋውን ሙሉ ሳስብ የከረምኩትን ያወቀችው ያኔ ይመስለኛል። ልትናገረኝ አፏን ከፈተች፣ ተወችው። ከዚያ ዋንጫውን እስከ ታች ጠጣችው። አፏን በነጠላዋ ጠረገች፣ ቆመች።

ጠበቅን። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስትወድቅ ልሰማ ጠበቅሁ። አልወደቀችም።

ሰውአገኝ መጥቶ ብርሌውን ጋኑ ውስጥ ነከረ። እንደ ልማዱ አልጨለጠውም። ምላሱ ላይ አሳርፎ ቆየ፣ እንደ ወጥ ቀማሽ። ደግሞ ቀመሰ።

"ብርዝ ነው" አለ።

"ምን?" አለ ገለቴ።

"ብርዝ ነዋ! ማርና ውሃ! ጌሾ አፍልታ አማርራዋለች እንጂ ብርዝ ነው!"

ምስጋኑም ቀመሰ። ትንሿን ቅል አስመጥቶ አሸተተ። "ይሄስ?"

"አረቄ ነው" አለች እናቴ። ድምጿ የደከመ ነበር። "ብርሌውን አለቀልቅበታለሁ። እንዲሸታቸው ነው።"

ለሹፌሮቹ ከሚቀርበው ውስጥ የሚያሰክር ነገር የነበረው እኔ መርዝ ያልኩት፣ የቅሏ ጠብታ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሳቀ አንድ ገበሬ ነው። ከዚያ ሁሉም ሳቀ።

"ገለቴ! ያን ሁሉ ያለቀስከው በብርዝ ነው?"

"እናቱ ይስሙ! ጡጦ ያምጡለት!"

"ባለፈው ከእኔ ጋር ካልተደባደብኩ ሲል የነበረው በማርና ውሃ ነው!"

ገለቴ ራሱ ሳቀ፤ ወፍራም ሆዱ ተንቀጠቀጠ። እኔም ሳቅሁ። ሮጬ የእናቴን ቀሚስ ያዝኩ። እናቴ ገዳይ አይደለችም። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር ሁሉ ለኔ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ። እናቴና ሰውአገኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?" አላት።

"መንገዱ ከተከፈተ ጀምሮ።"

"ይህን ሁሉ ጊዜ ያለ መውረጃ ነው ስወርድ የከረምኩት?"

"አዎ። ወርደሃል፣ ተመልሰሃል። ሁላችሁም። ዘንድሮ ጉሮሮ ማንን ወሰደ?"

እያንዳንዱ በልቡ አሰበ። ማንንም አልወሰደም። ሰውአገኝ ይህን የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። ፊቱ ጠቁሯል።

"እንደ ጡት ልጅ ብርዝ አጠጣሽኝ" አለ። "በሰው ፊት።"

መንገዱን ተሻግሮ አልጣሽ ቤት ገባ። አልጣሽ ግራ ገብቷት ቆማ ነበር፤ ቢሆንም ደንበኛ ነውና ተከትላው ገብታ ቀዳችለት። በተከፈተው በር ሲጠጣ እናያለን። አንድ። ሌላ። ሌላ። ለእልህ ነው የሚጠጣው።

እናቴ ወደ ምስጋኑ ዞረች።

"ሲጠጣ እያዩት ነው?"

"እያየሁ ነው።"

"ጠጥቶ ሲነዳስ ያዩታል?"

"እትዬ፣ ሁሉም ይጠጣሉ። የቱን ይዤ የቱን ልተው? ደግሞ ባለመኪናውን አታውቂውም፤ ትልቅ ሰው ነው።"

"ስለ ባለመኪናው አልጠየቅኩም" አለች እናቴ።

ኮፍያውን አውልቆ ላቡን ጠረገ።

ያኔ ትታው ወደ መኪናው ሄደች። ቀና ብላ ጆንያ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች አየች።

"ውረዱ" አለች።

"ምን ሆነሽ? ከፍለን ነው የተሳፈርነው!"

"እግራችን አልቋል፣ ተይን እቴ!"

"ቀናችን ካልደረሰ ምንም አንሆንም" አለ አንድ ሽማግሌ። "የምንሄደው ለቅዱስ ቦታ ነው። እሱ ይጠብቀናል።"

"ባሌ እዚያ ነበር የተቀመጠው" አለች እናቴ። "አባቴ፣ አሁን እርስዎ በተቀመጡበት። ያን ቀን ለሹፌሩ መውረጃውን የቀዳሁለት እኔ ነኝ።"

ይህን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ጉሮሮ ወሰደው ነበር ያሉኝ። ቀሚሷን እንደያዝኩ ወደ መታጠፊያው ተመለከትኩ። ቀይ አፈርና ድንጋይ ነበር። አፍ የለውም፣ ጥርስ የለውም።

ጆንያው ላይ አንዲት መነኩሲት ነበሩ። አሮጊት ናቸው፣ እግራቸው ያበጠ።

"አንቺው ነሽ የቀዳሽለት?" አሏት።

"እኔው ነኝ፣ እማሆይ።"

መነኩሲቷ ጥቂት አሰቡ። መቋሚያቸውን ወደ ታች አቀበሏት። "ያዥልኝ" አሉ። ከዚያ ጎማውን እየረገጡ፣ እያቃሰቱ ወረዱ። እሳቸው ሲወርዱ አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ተከተለች። ከዚያ ሌላ። ሽማግሌው እያጉረመረመ መጨረሻ ወረደ።

ሰውአገኝ የመጨረሻዋን ጉንጭ በአፉ ይዞ ወጣ። ጎማው ላይ ተፋት። ቀና ሲል መኪናው ላይ እህል ብቻ ነው ያለው። ሰዎቹ መንገድ ዳር ቆመው ያዩታል።

ወደ ጋቢናው ሲሄድ ምስጋኑ ቀደመው። በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ቁልፉን ነቀለ።

"ዛሬ አትወርድም።"

"አምጣ ቁልፌን።"

"ነገ ጠዋት።"

"አንተ! ነገ ሥራህን ታጣለህ! ባለመኪናው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ" አለ ምስጋኑ። ቁልፉን ኪሱ ከቶ ወደ እናቴ ዞረ። "ገመድ አለሽ?"

የላማችንን ጠፍር ሰጠችው። አንዱን ጫፍ በኛ በር መቃን፣ ሌላውን በአልጣሽ በር መቃን አሰረው። መንገዱ ተዘጋ። አልጣሽ "በሬን!" ብላ ጮኸች፤ ግን አልፈታችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ በዓሉ ማለቂያ አፋፍ የደረሰ ሹፌር ሁሉ ጠፍሩ ፊት ይቆማል፣ ምስጋኑ ጋቢናው ድረስ ወጥቶ አፉን ያሸትተዋል። የሸተተ ያድራል። ያልሸተተ ይወርዳል።

ምዕመናኑ በእግራቸው ወረዱ። መነኩሲቷ ከፊት ነበሩ። አፋፉ ላይ ቆሜ ነጩ ሰልፍ በጉሮሮ ሲያልፍ አየሁ። ሁሉም አለፉ።

*

ሰውአገኝ ያን ቀን መደባችን ላይ ተቀምጦ ዋለ። ሌላ መሄጃ አልነበረውም። እናቴ ሽሮ አቀረበችለት፤ በላ። ጠዋት ቁልፉን ተቀብሎ ወረደ። ከዚያ ወዲያ በራችን ላይ አቁሞ አያውቅም፤ ሲያልፍም ጥሩምባ አይነፋልኝም። አርጅቶ አልጋው ላይ ሞተ ሲሉ ሰማሁ።

ከጥምቀት በኋላ ምስጋኑን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት። በባለመኪናው ምክንያት ይሁን በሌላ አላውቅም። እናቴ ጠፍሩን ፈታ ላሟን አሰረችበት። ሹፌሮቹ አልጣሽ ቤት ገቡ። ፋሲካ ሳይደርስ ጉሮሮ ላይ አንድ መኪና ተገለበጠ፤ ሰዉ "ጉሮሮ ተራበ" አለ። እኔ ከዚያ በኋላ እንዲህ ብዬ አላውቅም።

በሹፌሮች ጋን የቀረው ገለቴ ብቻ ነው። እየመጣ ብርዝ ያዛል፣ ሁለት ብርሌ ጠጥቶ ለእናቱ ያለቅሳል፣ ይወርዳል።

አሁን ጠፍሩ የነበረበት ቦታ ላይ ሔለን የምትባል ወጣት ትራፊክ ትቆማለች። ሹፌሮቹን የምታስተነፍስበት መሣሪያ አላት። እኔ ከቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ አያታለሁ። እንደ ልማዴ መጀመሪያ እሷንም ጠርጥሬአት ነበር። በቀደም አንድ ሚኒባስ አቆመች። "አንድ ቢራ ነው የጠጣሁት እህቴ፣ ይሄን መንገድ ተኝቼም እነዳዋለሁ" ይላል ሹፌሩ። የሚገርመው እሱ አይደለም። ከኋላ የተሳፈሩት ናቸው። "ልቀቂው እንጂ፣ ረፈደብን!" እያሉ እሷ ላይ ይጮኻሉ። ቁልፉን ስትቀበለው ሰደቧት።

ተነስቼ ሄድኩ። የሚኒባሱን በር ከፈትኩት።

"ውረዱ" አልኳቸው።

"ምን አገባዎት አባባ?" አለኝ አንዱ ጎረምሳ። ሌላው ሳቀ። ግን አንዲት ልጅ የያዘች ሴት ወረደች።

እናቴን አንድ ጊዜ ጠይቄአት ነበር። ያኔ ትልቅ ሰው ሆኛለሁ። ነጭ ማር በጨርቅ ታጠራ ነበር።

"ሰውአገኝን ይቅር ብለሽዋል?" አልኳት።

"አላልኩትም።"

"እስካሁን?"

"እስካሁን።"

"ታዲያ እሱ እንዳይሞት ያን ያህል ምን አደከመሽ?"

ሰፈፉን ጨምቃ ጣለችው። ጣቷን ላሰች።

"ከኋላው ሰው ይጫናል" አለችኝ።